በቢራ ሱቅ የተጠመቀው የሚካኤል ጠላ

ካልጋሪ፣ ኅዳር መጨረሻ

ይድረስ ለእታለም፣ እኅትም እናትም ለሆንሽኝ፤

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ብርድ ሲገባ የሚጠዘጥዝሽ ግራው ነበር ቀኙ? ላሚቱ ወለደች ወይ? ምሥራችስ ያን ሰነፍ ጎረምሳ ተወችው ወይስ አገባችው? እኔ ለሚካኤል ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። የዚህ አገር ብርድ ጆሮዬን ሊወስድ ሞክሮ ነበር፤ ከበደውና ትቶልኝ ሄደ።

አሁን ደግሞ ጽሕፈቱን እይው። የማን እጅ ይመስልሻል? የእኔ ነው! ማንም አልጻፈልኝም፣ ማንም አላረመልኝም። ከሀ እስከ ፐ ያለው ፊደል በሙሉ ወታደሬ ሆኗል፤ ና ስለው ይመጣል፣ ቁም ስለው ይቆማል። ያው «ኘ» እና «ኝ» አልፎ አልፎ ያምፁብኛል እንጂ። አንቺ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ኩራዝሽን ይዘሽ ስትሄጂ እኔ በአጥር ሾልኬ ስጠፋ፣ አንድ ቀን ታለቅሳታለህ ብለሽኝ ነበር። አላለቀስኩም። በሃምሳ ዓመቴ ገባሁ እንጂ። የሚያስተምሩን ጋሼ ተስፎም ይባላሉ፤ አስመራ ላይ በአማርኛ የተማሩ ሽማግሌ ናቸው። ማታ ማታ ማርቲንዴል በሚባል ሰፈር ባለው ቤታቸው እኔን መሰል ጎልማሶችን ሰብስበው ያስቆጥሩናል። ከሁሉም አንደኛ እኔ ነኝ። እሳቸው እንኳ በአፋቸው አላሉትም፤ ግን የሌሎቹን ደብተር ሲያዩ በረጅሙ ይተነፍሳሉ፣ የእኔን ሲያዩ ጭራሽ ትንፋሻቸው ይጠፋል።

ደብዳቤ ሰላምታ ካለቀ ወደ ጉዳዩ ይግባ፣ ጉዳዩም አይጠማዘዝ ብለውናል። እንግዲህ ልግባ። መጠማዘዙን ግን እንጃ፤ ነገሩ ራሱ ጠማማ ነው። እታለም፣ ግራ ገብቶኛል። ግራ ሲገባኝ ደግሞ የምጠይቀው አንቺን ነው፤ ጠላ ሸጠሽ ያሳደግሽኝ፣ የጠላን ነገር ከአንቺ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ።

ስንደዋወል፣ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ ብዬሽ ነበር። የምን ሱቅ ብለሽ አልጠየቅሽኝም፣ እኔም አልነገርኩሽም። የቢራ ሱቅ ነው። ዋይትሆርን የሚባል ሰፈር፣ ባቡሩ የሚቆምበት አጠገብ፣ ሱቆች እንደ ጥርስ የተደረደሩበት ፕላዛ አለ። ከዳር የእኛ ቢራ፣ ቀጥሎ አንዲት ባዶ ክፍል፣ ከባዶዋ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያናችን የራሷን ሕንፃ እስክትሠራ የምትከራየው አዳራሽ። እሑድ ጠዋት እዚያ ቆሜ አስቀድሳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እዚህ ቆሜ እሸጣለሁ። ቅዳሴ ላይ ደከመኝ ደከመኝ የሚል ወገቤ ሱቁ ውስጥ ሳጥን ሲያነሳ አንድም ቀን አሞት አያውቅም። ይሄም ግራ ነው።

የሱቁ ባለቤት ባልቢር የሚባል የፑንጃብ ሕንዳዊ ነው። ጥምጥሙ ከቄሶቻችን ይበልጣል። ሃይማኖቱ መጠጥ ስለሚከለክል ጠብታ ቀምሶ አያውቅም። ታዲያ ለምን ትሸጣለህ ብዬ ብጠይቀው፣ ፋርማሲስት የሚሸጠውን ኪኒን ሁሉ ይውጣል ወይ ብሎ መለሰልኝ። እኔ የምኖረው በእሱ ቤት ቤዝመንት፣ ከምድር በታች ባለው ክፍል ውስጥ ነው፤ እሱ ከላይ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ሲያከራየኝ የነገረኝ ሕግ አንድ ብቻ ነው፣ እቤቱ መጠጥ እንዳይገባ። ቀኑን ሙሉ ቢራ የሚሸጥ ሰው ማታ ጃኬቴን እያሸተተ ያስገባኛል።

እንዲህ ያለው ነገር የእሱ ብቻ እንዳይመስልሽ። ማታ ማታ እየመጣ ሁለት ጣሳ የሚገዛ ነጭ ሽማግሌ ደንበኛ አለን። እሱ እንዳጫወተኝ በአያቶቹ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሕዝቡን አስነሥተው መንግሥት መጠጥን በሕግ ከልክሎ ነበር። ከተፈቀደም በኋላ እሑድ ቢራ አይሸጥም፣ እዚህ ካልጋሪ ውስጥ ወንድና ሴት በአንድ ቢራ አዳራሽ ተቀምጠው አይጠጡም። አባቱና እናቱ በሁለት በር ገብተው፣ በግድግዳ ማዶ ለማዶ ጠጥተው፣ ውጪ ተገናኝተው ወደ ቤት ይሄዱ ነበር አለኝ። እኔም የእኛ አገር ቄስ ከሰንበቴ ጠላ ቢከለከል ጳጳሱ ዘንድ ይከሳል ብዬ አሳቅሁት።

አሁን ዋናው ነገር መጣልሽ። ባልቢር ሱቁን ሊያሰፋ ፈለገና ባዶዋን ክፍል ለመጨመር ከተማውን ፈቃድ ጠየቀ። ቢፈቀድለት ቢራውና ቅዳሴው በአንድ ግድግዳ ይዋሰናሉ ማለት ነው። ምእመናን ተቆጡ። እዚህ አገር የተቃወመ ሰው ቀርቦ የሚናገርበት ሸንጎ አለ፣ ሂሪንግ ይሉታል። በቤተ ክርስቲያኑ ስም እንዲናገሩ የተመረጡት ጋሼ ባዘዘው ናቸው፤ የሚካኤል ማኅበራችን ሙሴ፣ አለቃችን። እውነቱን ልንገርሽ፣ ክፋት የለባቸውም። አንድ ልጅ አላቸው፣ ብሩህ ይባላል። ኤርድሪ በምትባል ጎረቤት ከተማ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ፣ ጨዋ፣ መልከ መልካም፣ ቢራው ግን ያሸነፈው። ሽማግሌው ስንቴ ከሱቃችን በር ላይ ክንዱን ይዘው ወደ መኪናቸው ሲወስዱት አይቻለሁ። አንድም ቀን ወደ ውስጥ ገብተው አልተናገሩኝም። በመስታወቱ ብቻ ያዩኛል። ሕጉ ለሰከረ ሰው አትሽጥ ስለሚል እኔም ብሩህን ቢራው አልቋል እያልኩ እመልሰዋለሁ፣ ከኋላዬ እስከ ጣሪያ ተደርድሮ። እሱም ስቆ፣ ጋሼ ዓይንህን ታከም ይለኛል።

ሱቁ ፈቃዱን ከተከለከለ ባልቢር ሸጦት ሊሄድ ወስኗል፤ የእኔም እንጀራ አብሮ ይሄዳል። ሱቁን ደግፌ ብናገር ማኅበሩ ይተፋኛል። እንግዲህ መሐል ቆሜያለሁ፤ ዝም ማለት ደግሞ አልችልበትም፣ ታውቂኛለሽ።

በዚህ መሐል የኅዳር ሚካኤል ጽዋ ደረሰኝ! በእልልታ ተቀበልኩ። እዚያው ቆሜ ጉራዬን ነፋሁት። እኔ የማን ወንድም መሰልኳችሁ? በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ በአገራችን በመሐል ሜዳ የገብስ ዘር እንኳ በጠፋበት ዓመት፣ የሚካኤልን ጽዋ ሳታጎድል ያወጣች እኅት ያለችኝ ሰው ነኝ፤ የደብሩ ቄሰ ገበዝ እንዲህ የጠራ ጠላ ቀምሰን አናውቅም ብለው የመረቋት ናት አልኳቸው። እውነት እኮ ነው። እኔ ከኋላሽ ዳቦውን ተሸክሜ ነበር። እንስራው አፉ በነጠላ ታስሮ፣ አንቺም መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል ሳትናገሪ። ቅመሰው ብለሽ ሳትሰጪኝ በመቅረትሽ ሳምንት አኮረፍኩሽ። ጋሼ ባዘዘው ይህን ሁሉ ሰምተው፣ እንግዲህ የእኅትህን እጅ እናያለን አሉኝ።

ጠላው የሚጠጣው እዚያው አዳራሹ ውስጥ ነው። የአዳራሹ አከራይ መጠጥ ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ስለለጠፈ፣ እኛ በወረቀት የቡና ኩባያ ከነክዳኑ እንጠጣለን። ያየን ሰው ቡና ይመስለዋል። ጽሑፉን ማንበብ የቻልኩት ዘንድሮ ነው፤ ሳላነብ ስጠጣ ይጥመኝ ነበር።

ብቅሉን በቤዝመንቱ ገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አበቀልኩት። የባልቢር እናት ወርደው አይተው፣ ምን ሊሆን ነው ብለው በእጃቸው ጠየቁኝ፣ በእጄ ዳቦ አልኳቸው። ጌሾ ከሐበሻ ሱቅ ገዛሁ። እንዳንቺ በወይራ ላጥን ብል ጭሱ የእሳቱን ደወል አስጮኸው፤ ስለዚህ ሳላጥን ቀረሁ፣ ይቅር በይኝ። ሲጠነሰስ ምንም አልነበረም። ከተደፈደፈ በኋላ ግን መተንፈስ ጀመረ። ባልቢር ደረጃው ላይ ቆሞ አፍንጫውን ይዞ አየኝ። የሃይማኖት ነገር መሆኑን አስረዳሁት። ገባው፤ የእሱም የሃይማኖት ነገር መሆኑን አስረዳኝ። ብዙ ካሰበ በኋላ እንዲህ አለኝ፤

«እቤቴ ኃጢአት ነው። ሱቅ ውሰደው፤ እዚያ ሥራ ነው።»

ወሰድኩት። የሱቁ ጓዳ ውስጥ፣ የአገሩ ሁሉ ቢራ በየሳጥኑ ተደርድሮ በተቀመጠበት፣ ትልቁን የፕላስቲክ በርሜል መሐል ላይ አነገሥኩት። ማታ ማታ ስዘጋ ጆሮዬን ክዳኑ ላይ አደርጋለሁ። ሲፈላ ያንቺ ጓዳ ነበር የሚሰማኝ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ሳምንት ደስ ብሎኝ ሠርቼ አላውቅም።

ከዚያ የክፍለ ሀገሩ የመጠጥ ቁጥጥር ሠራተኛ መጣች። ኢንስፔክተሯ ለስላሳ ሴት ናት፣ ከሂሪንጉ በፊት ሱቁን ለማየት ነው የመጣሁት አለች። ፊት ለፊቱን አየች፣ ደህና ነው። ጓዳ ገባች። ክዳኑን ከፈተች። ጌሾ መቼም ራሱን አይደብቅም።

ምንድነው አለችኝ። እኔም ስለ ኅዳር ሚካኤል፣ ስለ ማኅበር፣ ስለ ጽዋ በዚያች እንግሊዝኛዬ አስረዳኋት። አላሾፈችብኝም፣ ቆማ አዳመጠችኝ። ከዚያ የነገረችኝ እንዲህ ነው፤ የእምነት ሥርዓት ከሆነ የማኅበሩ ኃላፊ ቀርቦ የእኛ ነው ይበል፣ በሌላ ዓይን ሊታይ ይችላል። ካልሆነ ግን መሸጫ ፈቃድ ባለው ቤት ውስጥ ያልተፈቀደ መጠጥ ተጠምቋል። ባለቤቱ እያወቀ ከሆነ ደግሞ ላይሰንሱ አደጋ ላይ ነው። ባልቢር ከኋላዋ ቆሟል። ጥምጥሙ ሥር ያለው ፊቱ አመድ መስሏል።

ወደ ውጪ ወጥቼ ለጋሼ ባዘዘው ደወልኩ። የት ነህ አሉኝ፣ ሱቅ ነኝ አልኩ። ጠላውስ አሉኝ፣ እሱም ሱቅ ነው አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።  ከዚያ፣

«ከነገ ወዲያ እኮ ቢራ ይቅር ብዬ ልቆም ነው፣ ልጄ። ጠላው ከቢራው ጓዳ የእኔ ነው ልበል?»

አሉኝ።  ስልኩን ማን እንደዘጋው አላውቅም።

ለኢንስፔክተሯ አያነሱም አልኳት። ከዚያ የእኔ ነው፣ ለራሴ የጠመቅሁት ነው፣ ባልቢር አያውቅም፣ ማንም አያውቅም አልኳት። በርሜሉን አየች፣ እኔን አየች፣ ይህን ሁሉ ብቻህን ነው የምትጠጣው አለች። አዎ፣ በሰፈራችን ደካማው ጠጪ እኔ ነኝ አልኳት። ሳቀች፤ እጇ ግን መጻፉን አልተወም። ጠላው እንዲደፋ አዘዘች። በገዛ እጄ ደፋሁት። ድፍድፉ የፍሳሹን አፍ ዘግቶ ስላስቸገረኝ በጣቴ እየገፋሁ አሳለፍኩት። ሁለት ቀን እጄ አንቺን አንቺን ሸተተ።

ማታ ባልቢር ወደ ቤዝመንት ወረደ። ጫማውን አውልቆ ደረጃው ላይ ተቀመጠና ለግድግዳው መናገር ጀመረ። ግድግዳው የሰማውን እኔም ሰማሁ፤ ሱቁን ለማዳን እኔን ማሰናበት ነበረበት። ስለዚህ አሁን ዕረፍት ላይ ነኝ። አታስቢ፣ ለእኔ ያለ ሰው ሥራ አያጣም፤ ፊደል የቆጠረ ሰው እኮ ነኝ። ቤቱን አላስለቀቀኝም። እናቱ እስከ ዛሬ ማታ ማታ ትኩስ ቂጣ ከምስር ጋር ይልኩልኛል። ዳቦው ምን ሆነ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም።

ጊዜ ስለሞላኝ ወደ ሂሪንጉ ሄድኩ። ከኋላ ተቀመጥኩ። ጋሼ ባዘዘው ነጭ ነጠላቸውን በሱፋቸው ላይ አጣፍተው ቀረቡ፣ ቅድስት የምትባል የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ታስተረጉምላቸዋለች። መጀመሪያ ስለ ብሩህ ተናገሩ። ስሙን አልጠሩም፣ «አንድ አባት» እያሉ ነው የተናገሩት።  እኔ በሱቁ በኩል የተቀመጥኩት ሰውዬ ሱቁ ቢዘጋ ብዬ ተመኘሁ፣ ታምኛለሽ? ከዚያ ከዳኞቹ አንዷ ቀለል አድርጋ ጠየቀች፤ በአዳራሻችሁ ውስጥ እናንተስ መጠጥ ታቀርባላችሁ ወይ ብላ።

ቅድስት ተረጎመችላቸው። ሽማግሌው ዞረው በወንበሮቹ መሐል ፈለጉኝ። አገኙኝ። እኔ የምሰጣቸው ነገር ስላልነበረኝ ጫማዬን አየሁ። ወደ ዳኞቹ ዞረው፣

«በልጅ ነገር ነው የመጣሁት። ከዚህ በላይ አፌ አይሄድልኝም» አሉና ተቀመጡ።

ቅድስት ግራ ገብቷት ጨርሰዋል ብላ ተረጎመች።

ለባልቢር ተፈቀደለት። እሑድ ቅዳሴ እስኪያልቅ ሱቁ አይከፈትም አሉት እንጂ ግድግዳዋን አገኛት። መኪና ማቆሚያው ላይ ምእመናን ተሰብስበው ሽማግሌው ምን ነካቸው ይባባላሉ። አንዷ እንደውም እኔ ያስነካኋቸው ነገር እንዳለ ተናግራለች አሉ። ብሩህ መኪናውን አሙቆ አባቱን ይጠብቅ ነበር። በሩን ከፍቶላቸው ገቡ። ልጅ አባቱን ሲደግፍ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እሺ፣ ሚካኤል ደረሰ። ጠላ በአንድ ሌሊት አይደርስ። ከሌላ ለምኜ ላምጣ እንዳልል ምን ሆነብህ ይሉኛል፤ ብነግራቸው ሽማግሌውን ማዋረድ ነው። ስለዚህ አንድም ሰው አልነገርኩም። ጽዋውን አጥቤ፣ ከቧንቧ ሞልቼ፣ በበረዶው ላይ እንዳልወድቅ እግሬን እየመረጥኩ ተሸክሜ ሄድኩ። አፉን በነጠላ አስሬ። መንገዱን ሁሉ አፌ አንድ ቃል አላወጣም፤ እኔ እንዲህ ዝም ያልኩበትን ቀን አላስታውስም።

ቄሱ ጸለዩ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ደንቡ ነውና ሙሴው ቀድመው ሊቀምሱ ተነሡ። ነጠላውን ፈቱት። ወደ ውስጥ አዩ፤ ቆዩ።  ከዚያ ቀድተው እስከ መጨረሻው ጠጡት፣ በቀስታ፣ ትኩስ ነገር እንደሚጠጣ ሰው። ሪዛቸውን ጠረጉና ለማኅበርተኛው ሁሉ፣

«የዘንድሮው ጠላ ጥሩ አድርጎ ጠርቷል» አሉ።

በወረቀቱ ኩባያ እየተቀዳ ዞረ። ሁሉም ጠጣ። ሁሉም ሚካኤል ለከርሞ ያድርሰን አለ። አንድም ሰው ክዳኑን ከፍቶ አላየም፣ አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየኝም። ብሩህ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አንድ ጎንጭቶ ኩባያውን አየው፣ አባቱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ኩባያውን ዘረጋልኝና ጋሼ፣ ድገመኝ አለኝ። ደገምኩት።

እታለም፣ ጋሼ ባዘዘው እንዲያ ያሉት እኔን ለማዳን ነው ራሳቸውን? ወይስ ቀልደውብኝ ነው? ቀልድ ከሆነ ከእኔ የሚበልጥ ቀልደኛ ካልጋሪ ውስጥ ተገኝቷል ማለት ነው፤ ይሄ ደግሞ ራሱን የቻለ ኀዘን ነው። ኃጢአት ያለው ቢራው ውስጥ ነው፣ ጠላው ውስጥ ነው፣ ወይስ ውሃው ውስጥ? አንቺ በር ላይ ጣሳ ሰቅለሽ ስትሸጪ ጠላ ሻጭ ብለው ይሰድቡሽ የነበሩት፣ እሑድ ሰንበቴ ላይ እንስራሽን ተነሥተው ይቀበሉሽ ነበር። ያኔ ልጅ ስለነበርኩ አልጠየቅሁሽም። መንግሥትም ቤተ ክርስቲያንም ባልቢርም ሁሉም የየራሱ ግድግዳ አለው፤ እኔ ብቻ ነኝ በየግድግዳው ማዶ እንደዚያ ነጭ ሽማግሌ አባትና እናት ስዞር የምውለው።

ጋሼ ተስፎም ደብዳቤ ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ተዉበት፣ መልስ እንዲመጣላችሁ ብለውናል። እኔ ይኸው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ካልፈለግሽ አትመልሺ።

በሰባ ሰባት፣ ያን ገብስና ጌሾ ከየት አገኘሽው?

የተሸከምሽው ሁሉ ይቅለልሽ። ጉልበትሽን ሚካኤል በክንፉ ይዳብስልሽ። ደጅሽ እንግዳ፣ ጓዳሽ እህል አይጣ። ምሥራችን ሳሚልኝ፤ ያን ጎረምሳ ካገባችው እሱንም አንዴ ሳሚልኝ።

አሁን ስሙን በራሱ እጅ የሚጽፈው፣ ዛሬ ግን ወንድምሽ ብሎ ብቻ መፈረም ያማረው፣

ወንድምሽ